አበልጄ የነቀለው ራም

ኅዳር 12። ኮምፒውተሬ አንድ ገጽ ለመክፈት ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ።

ባለፈው ወር አበልጄ፣ የልጄ የክርስትና አባት፣ አቧራውን ሊያጸዳልኝ እንጅባራ ወዳለው የጥገና ሱቁ ወስዶት ነበር። መንቀራፈፍ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

«ሃርድ ዲስኩ ደክሟል፤ እንዳንተው አርጅቷል» ብሎ ሳቀብኝ። አመንኩት። ለአበልጅ ዕቃ ቆጥሮ ማስረከብ እኛ ዘንድ ነውር ነው።

ዛሬ ለሌላ ጉዳይ ዳንግላ ስወርድ ይዤው ሄድኩ። አንዲት ባለሙያ ከፍታ አየችው።

«ጋሼ፣ ሃርድ ዲስኩ ደህና ነው። ፍጥነት ከሚሰጡት ሁለት ራሞች ግን አንዱ ተነቅሏል» አለችኝ።

በሚኒባስ ተመልሼ በቀጥታ አበልጄ ሱቅ ገባሁ። «አንዱ ራም የት ሄደ?» አልኩት።

«እሱን ነው እንዴ?» አለ፣ ምንም ሳይደነግጥ። «የቢሮ ሥራ ያለበት ሰው ቸኮለብኝና ለእሱ አደረግሁለት። አንተ የምትጽፈው ተረት ነው፤ ምን ያስቸኩልሃል? ቁጭ በል፣ ሌላ እፈልግልሃለሁ።»

ይህን ሰው ከአንባቢዎቼ አንዱ አድርጌ እቆጥረው ነበር።

መፍቻውን አንስቶ ክዳኑን መፍታት ሲጀምር ኮምፒውተሩን እዚያው ትቼለት ወጣሁ።

እናንተንስ የከዳችሁ የቅርብ ሰው ምን ብሎ አስረዳችሁ? የእኔው ይቅርታ እንኳ አላለም።