እንደ ቡና የተሰጣ ወረቀት

ልጆቹ «አኮ፣ ወረቀት ፀሐይ ላይ ያሰጣችሁበትን ቀን ንገሪን» እያሉ ነዘነዙኝ። አያታቸው ነኝ፤ አኮ ይሉኛል። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ሳወራ እነሱ ይጽፋሉ።

እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ያን ሰሞን ሸቤ ከተማ እህቴ ጋ ሰንብቼ፣ ቡና ለቀማውን ሳላስጨርሳት ነው ጅማ የተመለስኩት። ገና አረፍ ሳልል የልጄ ልጅ «አብረሽኝ ቀበሌ ነይ» አለችኝ። ነርስነት ለመማር ተመርጣለች፤ የጎደላት የነዋሪነት ደብዳቤ ብቻ ነው። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ካለፋት ለከርሞ ነው፤ ለከርሞ ደግሞ አባቷ «በቃሽ፣ ሱቅ ግቢ» ሊላት ነው።

ስንደርስ በረንዳው በሰው ተሞልቷል። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ማኅተሙም ተዘጋጅቷል፤ ፕሪንተሩ ግን እምቢ ብሏል።

«ምን ይላል?» አልኩት ጸሐፊውን።

«ወረቀት አስገባ ይላል፣ ማዘር።»

«ታዲያ አታስገባለትም?»

«ያውልዎት፣ እስከ አፉ ሞልቷል እኮ።»

ያጠፋዋል፣ ያበራዋል። ያችው ቀይ መብራት፣ ያው የፈረንጅ ጽሑፍ።

ከኋላዬ የቆመ ቡና ነጋዴ «አቦ፣ ጠግቦ ራበኝ የሚል እንግዳ ዛሬ ገና አየሁ» አለ። ሰው ሳቀ። የኔዋ ልጅ አልሳቀችም፤ ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት አልተነቀለም።

ወረቀቱን ዳሰስኩት። ዝናቡ ገና አልለቀቀም ነበርና ቀዝቀዝ አለኝ። «ይሄ እርጥበት ይዞታል» አልኩ።

ነጋዴው ተቀብሎኝ አሸት አሸት አደረገው። «ቡና ቢሆን በጥርሴ አየው ነበር። ግን እውነታቸውን ነው፤ ፀሐይ ይፈልጋል።»

ጸሐፊው ሌላ መላ አልነበረውም። ሰሌን አምጥተን በረንዳው ጫፍ ላይ አሰጣነው፤ ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር ጫንንበት። ወረፋውን ትቶ ሰው ሁሉ ቁጢጥ ብሎ ያገላብጥ ጀመር። አንዲት ሴትዮ «ያልደረሰውን ልልቀምላችሁ?» አለች። ይሄኔ ልጅቷም ፈገግ አለች።

ሞቅ ሲል ጸሐፊው መልሶ ከተተው። መሳቢያውን ሲገፋ አውራ ጣቱ ማሽኑ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ቁልፍ ጫን ስታደርጋት አይቻለሁ፤ ልብ አላልኩትም። ማሽኑ አጉረመረመና ደብዳቤው ወጣ። «አልሐምዱሊላህ» ተባባልን። ልጅቷ ማኅተሙን አስመትታ ባጃጅ ውስጥ ዘላ ገባች፤ ምዝገባው ሳይዘጋ ደረሰች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር በረንዳው ላይ ወረቀት ተሰጥቶ አይ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ዓመታት አለፉ። ልጅቷ ዛሬ ሸቤ ነርስ ናት። በቀደም ሥራ ቦታዋ ልጠይቃት ብሄድ፣ የነሱም ፕሪንተር ያችኑ ቀይ መብራት አበራ። «ሰሌን አላችሁ?» ብዬ ብነሳ ሳቀች። «አኮ፣ ተቀመጪ» አለችና አረንጓዴዋን ቁልፍ ተጫነች፤ ወረቀቱ ወጣ። እሷ እንዳስረዳችኝ፣ ለካ ማሽኑ ወረቀት አልጎደለበትም፣ እርጥበቱም አላስከፋውም። የሚጠይቀው በሌላ አገር ልክ የተቆረጠ፣ እኛ ገበያ የሌለ ወረቀት ነው፤ ያችን ቁልፍ ከተጫኑለት ግን የኛኑም ይቀበላል።