ጠያቂውን የሚሸኝ በሽተኛ

ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ እንጅባራ ሆስፒታል ሥራ በጀመርሁበት ቀን የክፍሉ ኃላፊ አንድ አልጋ፣ አንድ የጉልበት መፈተሻ መዶሻና የክፍሉን ቁልፍ አስረከቡኝ። «አልጋው ላይ መጽሐፍህን ታነባለህ፤ እዚህ ወገቡን ለታመመ ሁሉ የሚታዘዘው ዕረፍት ነው» አሉኝ። ራሳቸውም ምሳሌ ለመሆን ይመስላል፣ ከወንበራቸው አይነሡም ነበር።

የመጀመሪያው ታካሚዬ ከግምጃ ቤት አካባቢ የመጡ ስመ ጥር ፈረሰኛ፣ አያ መኰንን፣ ነበሩ። ኃላፊው ያዘዙላቸውን የአንድ ወር ዕረፍት ተኝተው ፈጽመዋል። በውጤቱ ግራ እግራቸው ደነዘዘ። በጥጥ ብነካቸው «የማንን እግር ነው የምትነካው?» አሉኝ።

«በጥሩ የፈረሰኞች በዓል ፈረሴ ላይ ካልወጣሁ ልጆቼ ለአማቼ ሊሰጡት ነው። አማቼ የሚያውቀው የባጃጅ መሪ ነው።»

በአከርካሪ ግራና ቀኝ ያሉት ጡንቻዎች በእርምጃ ምት ሲኮማተሩና ሲላሉ ለነርቭ ሥሮች ደም እንደሚያዳርሱ በተመረጡ ቃላት አብራራሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ይህን ፈረሴም ያውቀዋል፤ ሳምንት አስረህ ካቆምኸው ያነክሳል።»

በየሰዓቱ እንዲራመዱ አዘዝሁ። ከሳምንት በኋላ ቤታቸው ብሄድ እንደተኙ አገኘኋቸው፤ ጠያቂ ከብቧቸዋል። ቀና ባሉ ቁጥር አንዲት አሮጊት ጎረቤት «በሞቴ ይተኙ» እያሉ ትከሻቸውን ይጫናሉ። በሽተኛውን መልሶ ሳያስተኛ የሚወጣ ጠያቂ አልነበረም።

ለዚህ መድኃኒቱን የጻፈ መጽሐፍ አላነበብሁም። አሮጊቷ ሊሄዱ ሲነሡ ግን አያ መኰንን «እንግዳዬን ሳልሸኝ» ብለው በኀፍረት አጉረመረሙ።

«ይሸኟቸው» አልሁ።

«እስከ በሩ?»

«ከደጁ ማዶ እስካለው ባሕር ዛፍ።»

አሮጊቷ መንገድ ለቀቁላቸው። በሽተኛን ማስተኛት ወግ ነው፤ ባለቤትን እንግዳ እንዳይሸኝ መከልከል ግን ነውር ነው። ማዘዣውን በወረቀት ጻፍሁ፦ «እያንዳንዱን ጠያቂ ይሸኙ።» ደግነቱ ጠያቂው ብዙ ነበር፤ ቆመው መሄዳቸው ሲሰማ ደግሞ ሊያይ የመጣው በረከተ።

በየሳምንቱ በጥጥ እፈትናቸው ነበር። አንድ ቀን «ተው፣ ይኮረኩረኛል» አሉ። በጥር ፈረሳቸው ላይ ወጡ፤ አማቻቸው ባጃጁን አቁሞ አጨበጨበ።

ኃላፊው በሪፖርታቸው «የበቂ ዕረፍት ውጤት» ብለው መዘገቡት። ዛሬ ወገባቸውን ይዘው ወደ ክፍሌ ይመጣሉ። ጠያቂ ስለሌላቸው ማዘዣቸው አስቸግሮኛል።

ከዚህ የያዝሁት ትምህርት አንድ ነው፤ ለጀርባ እንቅስቃሴ ከማዘዝ በፊት፣ በሽተኛውን ማን እንደሚያስተኛው መጠየቅ ያስፈልጋል።