የሌሊሴ ጊታርና የአባቴ ካፖርት

ባለፈው ሳምንት እህቴ ሌሊሴ ደወለችልኝ። «ጊታሬን ልሸጠው ወስኛለሁ። አምቦ ስትሄድ ፎቶ አንሳልኝ፤ መቼም አንተ ታውቅበታለህ» አለችኝ። «ታውቅበታለህ» ስትል ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። እኔ ግን አልሳቅሁም። ስልኩን ዘግቼ ከወንበሬ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። ጢሜ ውስጥ ነጭ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሮም አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዛሬም መቀመጥ አልችልም።

ያን ጊታር ፎቶ ሳነሳው የመጀመሪያዬ አይደለም። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሁለተኛውን ክረምት አምቦ ላይ ያለ ሥራ እየገፋሁ ነበር። ጠዋት የማስታወቂያ ሰሌዳ አያለሁ፣ ከሰዓት ድልድዩ ላይ ቆሜ የደፈረሰውን የሁሉቃን ወንዝ አያለሁ፣ ማታ ጣራ አያለሁ። ልቤ ሸፍቶ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ጥሩንባ በሰማሁ ቁጥር የቀረሁ ይመስለኛል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ «የቤት ኪራይ ድርሻህን ብቻ ይዘህ ና፤ ሥራውን እዚህ አብረን እንፈልጋለን» ብሎኛል። ድርሻዬ ከየት ይምጣ? አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እናቴ የምትኖረው በእሱ ጡረታ ነው። ቤታችን ውስጥ ገንዘብ የሚያወጣ አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ እሱም የእኔ አልነበረም።

ሌሊሴ ከተማ ውስጥ ነርስ ሆና ስትሠራ ከደመወዟ እያጠራቀመች የገዛችው ጥቁር የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር ትጫወትበት ነበር። ሴት ልጅ ጊታር አንጠልጥላ መድረክ ስትወጣ መጀመሪያ ያጉረመረሙ ሽማግሌዎች፣ በኋላ ሌሊሴ የቀረች ዕለት መዝሙሩ ጨው የለውም ማለት ጀመሩ። ከዚያ ከጀልዱ ወዲያ ወዳለች፣ መብራት ወዳልገባባት ቀበሌ ተዛወረች። ስትሄድ ጊታሩን ክንዴ ላይ አስቀምጣ፣ «መብራት በሌለበት አገር ይሄ ማገዶ ነው። ቶላ፣ አደራ! ክሩ እንዳይዝግ በሳምንት አንዴ ጥረግልኝ» አለችኝ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ተረቱን አውቀዋለሁ፤ አልገታኝም። ሥራ ስይዝ ከዚህ የተሻለ እገዛላታለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሥራ ፈት ሰው ራሱን ለማሳመን ጊዜ አያጣም።

አዲስ አበባ ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎችን እየጠገነ የሚሸጥ፣ ጋሽ አያሌው የሚባል ሰው ስልክ አገኘሁ። በድምፁ ስድሳ ዓመት የሆነው፣ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ይመስላል። «ሳላይ ዋጋ አልናገርም» አለኝ። «ፎቶ ላክ። ፊት ለፊቱን፣ ጀርባውን፣ አንገቱን ከጎን፣ ራሱን፣ ገመድ የሚሰካበትን። ብልጭታውን አጥፋ! በብልጭታ የተነሳ ጊታር የሚያሳየኝ አምፖል እንጂ ጊታር አይደለም። የተጫረ ቦታ ካለም አትደብቅ።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። እናቴ ከቤት የምትወጣበትን ሰዓት እየጠበቅሁ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ስልኩን አስጠግቼ ባነሳው ራሱ እንደ በቅሎ ራስ ተልቆ፣ ሆዱ ኮስሶ ወጣ። ደውዬ ነገርኩት። «ራቅ በል እንጂ! ልትስመው ነው እንዴ?» አለኝ። በማግስቱ ደጅ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ሳስቀምጠው ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጨለማ ሆነ። «ክረምት አይደለም እንዴ? ደመና ጠብቅ። ለሚያብረቀርቅ ዕቃ ደመና ነው የሚስማማው።» ደመናውን ጠብቄ ሳነሳ ደግሞ የጣቴ አሻራ ጥቁሩ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት አስመሰለው። በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ወለወልኩት፤ በሕይወቴ ያን ያህል የወለወልኩት ነገር የለም። በአራተኛው ቀን ሁሉም ተስተካክሎ፣ ጊታሩ ሆድ ላይ እኔ ራሴ ባለ ቀይና ነጭ መስመር ማሊያዬን ለብሼ ተገትሬ ታየሁ።

«ጋሽ አያሌው፣ እኔ ራሴ ፎቶው ውስጥ ገባሁበት» አልኩት።

«ጥቁር ጊታር መስታወት ነው፣ አንተ ልጅ። ራስህን አውጣ። ጥቁር ልበስ፣ ወደ ጎን ቁም፣ ብርሃኑ በበር ይግባ።»

ጥቁር ልብስ አልነበረኝም። ቤት ውስጥ የነበረው አንድ ጥቁር ልብስ መኝታ ቤት ምስማር ላይ የተሰቀለው የአባቴ ካፖርት ነው። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ካፖርቱን ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነበር የሚለብሰው። እናቴ በየሳምንቱ አውርዳ በብሩሽ ትጠርገውና መልሳ ትሰቅለዋለች። ለምን እንደምታደርገው ጠይቄያት አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ገበያ ወጣች። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ካፊያው ቆርቆሮው ላይ ያለ ማቋረጥ ይንሿሿል። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ሶፋው ላይ የነበረውን ዳንቴል አነሳሁ፣ አረንጓዴውን አንሶላ ዘርግቼ ጊታሩን አስደገፍኩ። ካፖርቱን ለበስኩ። ናፍታሊንና የአባቴን የትንባሆ ሽታ ይሸት ነበር። ከዚያ ወደ ጎን ጎንበስ ብዬ አነሳሁ። እንደገና አነሳሁ። ካፖርቱ ጥቁሩ ውስጥ ሰምጦ እኔ ጠፋሁ! የቀረው ከታች፣ ጊታሩ በሚጎብጥበት ላይ፣ የበሩ ብርሃን እንደ ትንሽ ነጭ ሳጥን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ቀለሙን አሳመረው እንጂ አላበላሸውም። ደስ አለኝ። ማንም ሳያየኝ ካፖርቱን ምስማሩ ላይ፣ ጊታሩን ማኅደሩ ውስጥ መለስኩ።

ፎቶ ማንሳት አንድ ነገር፣ መላክ ሌላ ነገር ነበር። በእኛ በኩል የስልክ ዳታ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ደብዳቤ ያለው፣ ውጤት የሚጠብቅ፣ ፍቅረኛ ውጭ አገር ያለችው፣ ሁሉም ሚኒባስ ተሳፍሮ ዳታ እስኪመጣ ወደ ምሥራቅ ይጓዝ ነበር። እኔም ለእናቴ ሰኞ የሥራ ማስታወቂያ ለማየት ጊንጪ ልሄድ ነው አልኳት።

«ቶሌ፣ ኢልማ ኮ» አለችኝ። እሺ ልጄ ማለቷ ነው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገብስ ስትቆላ አየኋት። ሰኞ ጠዋት ስወጣ በላስቲክ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አስያዘችኝ። ጭኮ ነው፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ተለውሶ፣ ገና እጄን የሚያሞቅ። ጭኮ ለሩቅ መንገደኛ የሚያዝ ስንቅ ነው፤ ሳምንታት ይቆያል። አባቴ ለረጅም ስብሰባ ነቀምቴ ሲሄድ ነበር የምትሠራለት።

«እማዬ፣ ጊንጪ እኮ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው» አልኳት እየሳቅሁ።

«ይሁን። መንገድ አይታወቅም። ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግባ።»

በሚኒባሱ ውስጥ ሁላችንም ስልካችንን እንደ ሻማ ይዘን ነበር። ጊንጪ ላይ የለም። በመስኮት የጭልሞ ደን በጉም ተሸፍኖ ያልፋል፤ የመንገዱ ዳር ድንችና ጥቅል ጎመን በጆንያ ተደርድሯል። ኦሎንኮሚ የለም። አዲስ ዓለም አንድ ሰው «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ አልመጣም፤ ተሳቀበት። ሆለታ ስንቃረብ ነው ሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ መንጫጫት የጀመረው። ሲያወራ የነበረ መኪና ሙሉ ሰው ዝም አለ።

አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ሰባት ፎቶ ላክሁ። ሻዬ ሳይበርድ ጋሽ አያሌው ደወለ።

«እንዲህ አድርጎ የላከልኝ ሰው የለም» አለኝ። ደረቴ ተነፋ። «ጊታሩን እወስደዋለሁ። ግን አራተኛውን ፎቶ ክፈትና ከታች በኩል ያለውን ነጭ ነገር አጉልተህ እይ። ሐዘን ላይ ናችሁ እንዴ?»

አጎላሁት። ስልኬ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስለነበር ስንጥቁን ወደ ጎን እያሳለፍኩ አየሁ። ነጩ ሳጥን በራችን ነው። በራችን ላይ እናቴ ቆማለች። ዘንቢሏ ክንዷ ላይ ነው፤ አንድ እጇ አፏን ይዟል። ገበያ ናት ብዬ ካፖርቱን ለብሼ ጎንበስ ቀና ስል፣ ከኋላዬ ቆማ ታየኝ ነበር። ካፊያው ኮቴዋን ውጦታል። ራሴን ከጊታሩ ለማውጣት ስጣጣር እሷን አስገብቻታለሁ።

«እናቴ ናት» አልኩ።

«ጊታሩ የማን ነው?»

«የእህቴ።»

«ታውቃለች?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ። እሱም መልሴን አልጠበቀም። «እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ብታመጣው እገዛዋለሁ። እናትህን ግን አናግራት» ብሎ ዘጋው።

ጉልበቴ ላይ ያለው ጭኮ ያኔ ከበደኝ። ቅዳሜ አይታኛለች። ቅዳሜ ማታ ራት አቅርባልኛለች። እሑድ ገብስ ቆልታልኛለች። ጊንጪ ስላት ጊንጪ እንዳልሆነ አውቃ፣ ላልመለስ እንደምችል አውቃ ነው ስንቅ የቋጠረችልኝ። አፈርኩ። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። ደጅ ወጣሁ። በአንድ በኩል «አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ!» ይላሉ፤ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ጊታሩ ቤት ቢቀርም፣ እናቴን ላለማየት ባዶ እጄን እንኳ መሄድ አማረኝ። ሁለት ጊዜ እግሬን በር ላይ አድርጌ ሁለት ጊዜ አወረድኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ለካ ስለ እኔ ነው። ሦስተኛው ላይ ወደ አምቦ የሚመለሰው መኪና ውስጥ ገባሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ኔትወርክ ነበረ?» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ጃንጥላዬን ረስቼ ነው የተመለስኩት» አለች፤ እጇ ምስሩን አላቆመም። «በሩ ላይ ስደርስ አባትህ መሰልከኝ። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ዞር ልትል ስትል አንተ ሆንክ፤ ሳታየኝ ተመልሼ ወጣሁ።»

«ከዚያስ? ስልኩን ነጥቀሽ ለምን አልመታሽኝም?»

«ልብህ ከሄደ ቆይቷል፣ ቶላ። በጊታር ልይዝህ ነው? እኔ ስንቅ ነው የምችለው።» ከዚያ ድምፅዋ ጠጠረ። «አደራ በልቶ የሄደ ልጅ ግን በየትኛው በር ይመለሳል? ይሄን ነው ሁለት ሌሊት ያሰብኩት።»

አለቀስኩ። ምስሩ ላይ እንዳላንጠባጥብ ሰፌዱን ወሰደችብኝ።

ለመስቀል ሌሊሴ ስትመጣ ራሴ ነገርኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «እስቲ አሳየኝ» ብላ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። «ጊታሬን ደህና አድርገህ ያየኸው ልትሸጠው ስትል ነው» አለችኝ። አራተኛው ላይ ስትደርስ ግን ብዙ ቆየች። እናታችን ካሜራ ስታይ እንደ ወታደር የምትደርቅ ሴት ናት፤ ሳታውቅ የተነሳችው ፎቶ ይህ ብቻ ነው። «ይቺን እንዳታጠፋት» አለችኝ ሌሊሴ።

በዓመቱ በሌላ መንገድ አዲስ አበባ ገባሁ። ከሻንጣዬ ይልቅ ጭኮው ይከብድ ነበር።

ትናንት ቅዳሜ አምቦ ነበርኩ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ አትነሳም። አረንጓዴው አንሶላ አልቋል፣ ግራጫ ዘረጋሁ። ካፖርቱን እናቴ ራሷ አስወረደችኝ፤ አሁን ትከሻዬን ይይዘኛል። «እማዬ፣ ትንሽ በሩ ላይ ብትቆሚልኝስ?» አልኳት። ከውስጥ ሳቀች። «ለሽያጭ በሚነሳ ዕቃ ላይ ሰው ይገባል? አርፈህ ሥራህን ሥራ።»

ስልኬ አዲስ ነው፣ ደመናውም ደግ ነበር። ፎቶዎቹ ከዚያን ጊዜዎቹ በጣም ይበልጣሉ። የበሩን ነጭ ሳጥን አጉልቼ አየሁት፤ ባዶ ነው። ደጁ ላይ ያለችው የጎረቤት ዶሮ ብቻ ናት። ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ምነው ዝም አልክ? ኔትወርክ የለም?» አለችኝ ከውስጥ።

«አለ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

በዚያ ክረምት ለመላክ ሆለታ ድረስ ሮጬ ነበር፤ ትናንት ጣቴን ማንቀሳቀስ አቃተኝ። የምቸኩለው ሁሌም ለመሄድ ነበር፤ በሩ ላይ የሚቀረውን ሰው ዞር ብዬ አላየሁም። ያን ጊዜ ያየኋትም ሌላ ሰው «አጉልተህ እይ» ስላለኝ ነው። ለማንኛውም ፎቶዎቹን ለሌሊሴ ላክሁላት። ጊታሩ የእሷ ነው። የዚያን ክረምት አራተኛዋን ፎቶ ግን ዛሬም ለማንም አልሰጥም።