የዳኘው አደራ

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናትና ዳኘው ክንዱ ሥራ በሳይክል መሄዱ የሚያስገርም ነገር አልነበረም። የሚያስገርመው ግቢው ውስጥ ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና አቁሞ በሳይክል መሄዱ ነው። ጠዋት የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ይወትፍና፣ በአቡጄዲ የተሸፈነችውን መኪና ዞሮ፣ ሳይክሉን እየገፋ ከበር ይወጣል። ጎረቤቱ መጀመሪያ ሰሞን ይስቅ ነበር፤ በኋላ ሳቁም ሰለቸው። ዳኘውም ሰልችቶታል፤ ግን እሱ እንደ ጎረቤቱ ፊቱን አዙሮ መተው አይችልም።

መኪናዋ የአምሐ ነበረች። አምሐ የፋብሪካ መሐንዲስ፣ ዳኘው ደግሞ እዚያው የሽመና ክፍል ቴክኒሻን፤ ከአንድ ማዕድ የማይለዩ ጓደኛሞች ነበሩ። አምሐ መኪናዋን የገዛት ከአብዮቱ በፊት ወደ አገሩ ከገባ ጣሊያናዊ ባለሙያ ነው። አራት በር ስላላት ለሚያያት ጨዋ የቤተሰብ መኪና ትመስላለች፤ ሞተሯ ሲነሣ ነው ጉዷ የሚታወቀው። ድርብ ካርቡራቶር፣ አምስት ማርሽ፣ ዳገት ቁልቁለት የማትለይ። የሐሙሲትን ሜዳ ስትይዝ ዳኘው ከጎን ተቀምጦ የማርያምን ስም ይጠራል፤ አምሐ ይስቃል። አምሐ አላገባም ነበርና ቀን ከሌት ወሬው ስለ እሷ ነው። "ዛሬ አኩርፋኛለች"፣ "ዛሬ ደስ ብሏታል" ይላል፣ ስለ ሚስቱ እንደሚያወራ ሰው። ከፈትል ክፍል አንዲት ልጅ አንዳንዴ ሲሸኝ ዳኘው አይቷል፤ ግን የአምሐ ዓይን ያረፈበትን ሁሉ ቆጥሮ ማን ይዘልቀዋል?

በ1970 ኅዳር ውስጥ ከሥራ ሲወጡ አምሐን መንገድ ላይ ያዙት። ሰው ለምን ተያዘ ተብሎ የማይጠየቅበት ዘመን ነበር፤ የጠየቀ ይከተላል። ወታደሮቹ ግራና ቀኝ እየጎተቱት ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለዳኘው ወረወረለትና፣ "ዳኘው፣ እሷን አደራ!" አለው። ሌላ ቃል ሳያስጨምሩት ላንድሮቨር ውስጥ ከተቱት።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ዳኘው ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ በአደራ አይቀልድም። የዚያኑ ቀን መኪናዋን ነድቶ ግቢው አስገባት። ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሊቀ መንበር መጣ።

"ጓድ ዳኘው፣ የፀረ ሕዝቡ መኪና አንተ ግቢ ምን ትሠራለች?"

"የኔ ናት፤ ገዝቻታለሁ" አለ ዳኘው፣ ዋሽቶ የማያውቀው ሰው፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ።

ሊብሬው ገና ከጣሊያኑ ስም ስላልዞረ የሚያጋልጠው አልተገኘም። መኪናዋ ተረፈች። ስሙ ግን አልተረፈም፤ "ጓደኛው በታሰረ ማግሥት መኪናውን ጠቀለለ" ተባለ። እውነቱን ተናግሮ እንዳያስተባብል አፉን በገዛ ውሸቱ ዘግቷል። ከድካሙ ሁሉ ይልቅ ያከሳው ያ ሐሜት ነበር።

ፋሲካ ሰሞን አንዲት ሴት በሩን አንኳኳች። ያቺ የፈትል ክፍሏ ልጅ ናት፤ የብርጓል ትባላለች፣ የዘጌው የቄስ ወልደ ሐዋርያት ልጅ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ዳኘው ከበሩ አላስገባትም፤ የእስረኛ ወዳጅ ሁሉ ዓይን ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ስለ ነበር ፈራ።

"ጋሽ ዳኘው፣ ሲወስዱት አጠገቡ ነበሩ አሉኝ። ለኔ ያለው ነገር የለም?"

"የለም እህቴ። መኪናዋን አደራ ነው ያለኝ። ሌላ አልተናገረም።"

"መኪናዋን ብቻ?"

"መኪናዋን ብቻ።"

በትከሻው ላይ አሻግራ በአቡጄዲ የተሸፈነችውን አየች። "እርስዎም ገዝቻታለሁ ብለዋል አሉ" አለችና መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። ዳኘውን ያን ዕለት የቆጠቆጠው ይኸው የመጨረሻው ንግግሯ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የመኪና ጥበቃ ነው። ቤንዚን በኩፖን ሆነ፤ እሑድ የቤት መኪና መንዳት ተከለከለ። ጣና ዳር የተቀመጠ ብረት ደግሞ ካልተጠረገ ዝገት ይበላዋልና፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ዳኘው መሬት ላይ ተንጋሎ ከሥር ከሥሯ በዘይት ጨርቅ ያሻል። ካንዴላ ሆነ ጓርኒሲዮን፣ መለዋወጫዋ ሁሉ የሚገኘው አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ተለምኖ ነው። ባትሪ የተገዛ ወር ከነዳኘው ቤት ሥጋ አይሸትም። ሚስቱ አገርነሽ ለአንሶላ ያስቀመጠችው አቡጄዲ የመኪና ልብስ ሆኖ ቀረ።

ሰውም አላሳረፈውም። ከተማው ውስጥ እንደ እሷ ያለ ቄንጠኛ መኪና ስለሌለ፣ ጥር በገባ ቁጥር የሙሽራ ወገን ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። ዳኘው ይሉኝታ የሚገድለው ሰው ነው፤ የጠየቁትን ሳይሰጥ እንቅልፍ አይወስደውም። በዚች በመኪናዋ ነገር ግን ድንጋይ ሆነ። "የኔ ብትሆን" እንዳይል የኔ ናት ብሏል፤ "አልሰጥም" ብቻ ነው የቀረው። በዚህም ስንቱን ወዳጁን አስቀየመ።

አገርነሽ የበኩር ልጃቸውን ያማጠች ቀን ደግሞ የባሰ መጣ። ዳኘው መኪናዋን ዞሮ ጋሪ ፍለጋ ሮጠ።

"ቁልፉ ኪስህ አይደለም ወይ?" አለችው፣ ወገቧን ይዛ።

"የሰው አደራ ነው አገሬ፤ ወንበሯን ደም ቢነካው ምን እላለሁ?"

በጋሪ እየተንገጫገጨች ሆስፒታል ደረሰች፤ እግዜር ረድቷት ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ባሏን ግን ይቅር ያለችው አይመስልም። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "ታቦት እንኳ በዓመት አንዴ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳል፤ የኛይቱ ግን ከመንበሯ ንቅንቅ የለም!" ትላለች። እንግዳው ይስቃል፤ እሷ አትስቅም።

ንቅንቅ የለም ማለቷስ ግነት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ዳኘው አስነሥቶ እስከ ፔዳ ኮሌጅ በር በዝግታ ይወስዳትና ይመልሳታል። ጋሪ ይቀድመዋል። አራተኛና አምስተኛ ማርሽ እሱ ዘንድ ሥራ ፈት ናቸው። ጋራዥ ያለው አለበል ባየው ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል።

"ጋሽ ዳኘው፣ የዚች መድኃኒቷ መሮጥ ነው። እርስዎ እንደ ባልቴት ያንፏቅቋታል፤ ካንዴላዋ በጥላሸት የሚታፈን ለዚህ ነው። አንድ ቀን ወደ ሐሙሲት ይልቀቋት!"

"ብለቃትና ብትገለበጥስ? ባለቤቱን በምን ዓይኔ ላየው ነው?"

"ባለቤቱ እርስዎ አይደሉ?" ይላል አለበል፣ ግራ ገብቶት። ዳኘው ቤቱ ተመልሶ ካንዴላዎቹን ይፈታና በሽቦ ቡሩሽ ይፈገፍጋል።

የመኪናዋ ክፋት አለመበላሸቷ ነበር። አንድ ቀን ሞተሯ ነክሶ ቢቀር ዳኘው አልቅሶ ይገላገል ነበር። እሷ ግን ታኮርፋለች፣ ታስላለች፣ ታጨሳለች፣ በመጨረሻ ትነሣለች። የደከመው እሱ ነው። ጠጉሩ ሸበተ፣ ጉልበቱ ከሳይክሉ ጋር ተጣላ፣ ልጁ "የኛ መኪና" ባለች ቁጥር ሰምቶ ዝም ማለት አንገፈገፈው። የሚያጽናናው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አምሐ በሕይወት ካለ አንድ ቀን ይመጣል፣ ያን ቀን ቁልፉን አስረክቦ፣ ስሙን አስመልሶ ያርፋል።

አምሐ በ1980 መስከረም ምሕረት ከተደረገላቸው እስረኞች ጋር ተፈታ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የዳኘው በር ላይ ቆሞ ተገኘ። ጥርሱ ጎድሏል፣ ቁመቱም ያጠረ ይመስላል። ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ አገርነሽም አለቀሰች። ዳኘው ግን ምሳ እስኪቀርብ እንኳ አላስቻለውም፤ እጁን ይዞ ወደ መኪናዋ ወሰደውና አቡጄዲውን ገፈፈ።

"ይኸው። አልሸጥሁ፣ አልለወጥሁ፣ አላዋስሁ። አገርነሽን እንኳ ምጥ ላይ ሆና አላሳፈርሁባትም።"

አምሐ የልጅነት ፎቶግራፉን እንዳየ ሰው ፈገግ አለ። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ተመለከተና፣ "እሷስ?" አለው።

"እሷማ ይችው!"

"የብርጓልን ነው እምልህ። አደራ ያልሁህን።"

ዳኘው የገፈፈውን አቡጄዲ መልሶ መጠቅለል ያዘ።

"ለጥር ሽማግሌ ልልክ ነበር እኮ። ቁልፉን የሰጠሁህ መኪናዋን ሸጠህ እንድትረዳት ነው። በሰዎቹ ፊት ስሟን ብጠራ ይከተሏታል ብዬ ፈራሁ።"

የማርያምን ስም መጥራት እንኳ ተሳነው። "እሷን" የተባለውን በገዛ አፉ "መኪናዋን" ብሎ የብርጓልን ከበር የመለሳት ራሱ ነው። ቢሆንም አልደበቀም፤ እዚያው ቆሞ ሁሉንም ነገረው። መጥታ እንደ ነበር፣ ምን ብሎ እንደ መለሳት፣ ከዚያ የእስረኛ ወዳጅ እየተባለች መላወሻ ስታጣ ሥራዋን ትታ ዓባይ ማዶ ጠላ ስትሸጥ እንደ ኖረች፣ ኋላም አባቷ ወደ ዘጌ ወስደው ሚስቱ ለሞተችበት ሰው እንደ ዳሯት። ይህን ሁሉ በወሬ ሰምቶት ነበር። አዝኖም ነበር፣ ለማያውቃት ሰው የሚታዘነውን ያህል።

"ልጆች አሏት?"

"አሏት አሉ።"

"ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት አሉ።"

ዳኘው ስድቡን ጠበቀ። አደራ በላ የሚለውን ቃል፣ ያን ሁሉ ዓመት ያላግባብ ሲታማበት የኖረውን፣ አሁን ሊለው ከሚገባው ሰው አፍ ለመስማት ተዘጋጀ። አምሐ ግን መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራትና፣ "እስኪ አስነሣት" አለው።

ዳኘው መሪው ላይ ተቀመጠ። መኪናዋን ከተረከባት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ እንድትል ለመናት። ባትሪዋ እንዲሞት፣ አስነሺው ሞተሪኖዋ እንዲቃጠል፣ አንድ ነገሯ እንኳ በቸልታ የተበላሸ ሆኖ እንዲገኝ ተመኘ። ቁልፉን ገና ነካ ሲያደርገው ተነሣች። ሳል የለ፣ ጭስ የለ።

አምሐ እጁን ጣሪያዋ ላይ አሳርፎ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

"ደኅና አርገህ ይዘሃታል" አለ።

አሽሙር አልነበረም፤ ከልቡ ነው። ዳኘው መሪውን በሁለት እጁ እንደ ጨበጠ ቀረ፤ አገርነሽ ምሳ ቀርቧል ብላ ስትጣራ ሞተሩን ማጥፋትም፣ መውረድም አቃተው።