ከሥሬ የተፈታው ወንበር

የምነዳው ፒካፕ ከጉንደ ወይን መልስ ከመንገድ ወጥቶ ሲገለበጥ ጋቢናው ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። ፍሬኑ እንደማይዝ ለጌታዬ ለፊታውራሪው አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

«በቅሎዬም ፍሬን የላትም፤ እስከ ዛሬ ግን ገደል አልከተተችኝም» አሉኝ።

በዙሪያቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጌታ ሲቀልድ የማይስቅ ሎሌ እንደ ጥጋበኛ ይቆጠራል።

ጤፍ ጭኜ ቁልቁለቱን ስጀምር የፍሬኑ ፔዳል ወለሉን ነካ፤ መኪናው ግን ይባስ ብሎ ፈጠነ። መሪውን ወደ ዳገቱ ጠመዘዝሁት፤ አልሆነም። ተንከባሎ ሲያበቃ ጣሪያው ተጨፍልቆ ራሴን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እግሮቼ ከመሪው ሥር ተቀርቅረዋል። ገበሬዎች ደርሰው ላሜራውን በሞፈር ፈልቅቀው አወጡኝ። ፊታውራሪው በሰው መኪና ሲመጡ መንገድ ዳር ተጋድሜ አገኙኝ። ቁልቁል አየት አደረጉኝና ወደ ገበሬዎቹ ዞሩ።

«ጤፉ ፈሰሰ ወይስ ጆንያው ይዞታል?»

ሐኪም ቤት አንደኛው እግሬ ከጉልበቴ በላይ ተቆረጠ። ሁለተኛው ተረፈ፤ ግን ተጣሞ ገጠመ። ከዚያ ሲያስወጡኝ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ፊታውራሪው ግቢ ወሰዱኝ፤ ከሚስቴ ጋር የምኖረው እዚያው ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነበርና። በሩን ሲከፍቱት አንድ የማላውቀው ጎልማሳ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። የኔን ካፖርት ለብሷል። አዲሱ ሾፌር ነበር።

ፊታውራሪው ከቤታቸው ወጥተው መጡ።

«ይህ የሾፌር ቤት ነው» አሉኝ። «አንተ ሾፌር ነህ?»

«አሁንማ አይደለሁም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ምን ያጣላናል? ጋቢናው እዚያ ጥግ ወድቋል፤ እሱ ውስጥ ተኛ። ለምደኸዋል።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ተሸካሚዎቹም መስሏቸው ቃሬዛውን እንደያዙ ቆሙ። ፊታውራሪው ግን በከዘራቸው አመለከቱ፤ ስለዚህ ወስደው አስገቡኝ።

ጋቢናው ከሻንሲው ተነቅሎ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጣሪያው ቢጨፈለቅም በሮቹና ወንበሩ ደህና ነበሩ። ወንበሩ ባለ ሞላ ነው፤ ረጅም ስለሆነ እግር ለሌለው ሰው አልጋ ይሆናል። ሚስቴ በፊታውራሪው ወጥ ቤት ትሠራ ስለነበር እሷን አላስወጧትም። ማታ ማታ ከተረፈው ምግብ ይዛልኝ ትመጣና የቁስሌን ጨርቅ ቀይራ ወደ ሴቶቹ ማደሪያ ትመለሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር። ኋላ ተወችው።

ብዙም ሳይቆይ ፊታውራሪው ሌላ አሮጌ ፒካፕ ገዙ። የአንድ ሟች ነጋዴ ነበር፤ ወራሾቹ ሜዳ ላይ ጥለውት ዶሮ ሲያድርበት የከረመ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ጋቢናው ግን በስብሷል፤ አንድ በሩ የለም፣ ወለሉን ዝገት በልቶታል፣ ከወንበሩ የቀረው ሽቦ ብቻ ነው። ከኔው መኪና ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ትንሽ ቀደም ያለ ስሪት ነበር። በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ሙያ የተማሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተጠሩ። ሁለቱን መኪኖች ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ፣ «ይኸኛው ለዚያኛው ይሆናል» አሉ። ይኸኛው ያሉት እኔ የተኛሁበትን ነው።

በመጀመሪያ የሄደው አንዱ በር ነው። መካኒኩ በካቻቪቴ ማጠፊያውን ሲፈቱ ፊቴ ከፊታቸው አጠገብ ነበር። ደህና አደርህም አላሉኝ። ክረምቱ ገብቶ ነበርና የዚያኑ ዕለት ዝናቡ በጎኔ መጣ።

«አባባ፣ እባክዎ አንድ ጆንያ ይስጡኝና ልከልልበት» አልኋቸው።

«ጆንያው የፊታውራሪው ነው። እሳቸውን ጠይቅ።»

ቀጥሎ የፊት መስታወቱን አወጡ፤ ከጥጉ ከመሰንጠቁ በቀር ደህና ነበር። ከዚያ ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ ከነፍጥነት መቁጠሪያው ሄደ። አዲሱ ሾፌር እየመጣ የጎደለውን ዕቃ ሲለካ ዓይኑን ከኔ ያሸሻል። አንድ ቀን ግን ማርሹ ስለሚያስቸግር እንዴት እንደሚገባ ጠየቀኝ። ነገርሁት። አመሰገነኝና ሄደ። ካፖርቴን እንደለበሰ ነው።

ሐምሌ ላይ ፊታውራሪው ሁለት ሽማግሎች አስከትለው መጡ። ሚስቴ ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላቸው ቆማለች። በሩ በተወሰደው ጋቢና ውስጥ በክርኔ ተደግፌ ቀና አልሁ።

«ይህች ልጅ በወጣትነቷ ባዶ ቤት ልትቀመጥ አይገባም» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «ሾፌሩ ጠይቋታል። ሰማንያችሁ በደህና ይፍረስ፣ አንተም መርቃት።»

እሷን አየኋት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኋት።

ትለምነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወይም እምቢ ትላለች ብዬ። እሷ ግን መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

«ጨርቅህን ሳጥብ ያቅለሸልሸኛል። እስከ መቼ?»

ፊታውራሪው ሳቅ አሉ። «እውነቷን ነው። ሽታው በረንዳዬ ድረስ ይደርሳል።»

እግሬ ሲቆረጥ እንኳ እንደዚያ አላመመኝም። ሽማግሎቹ መልስ ሲጠብቁ፣ «ትሂድ» አልሁ። ምርቃት አልወጣኝም፤ እነሱም አላስገደዱኝም። በማግሥቱ ምግቤን ሌላ ሴት ይዛ መጣች፤ ሳህኑን አስቀምጣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ተመለሰች።

ነሐሴ ሲጋመስ መኪናው ተነሣ። ለወንበር ሳንቃ ቆርጠው በላዩ ቆዳ አንጥፈውበት ነበር። ፊታውራሪው እስከ አምበር ደርሰው ሲመለሱ ወገባቸውን ይዘው ወረዱ።

«የዚያ ሰውዬ ወንበርስ?» አሉ መካኒኩን።

«የብሎኑ ቀዳዳ አይገጣጠምም። ግን ወለሉን አዲስ ብበሳ ይሆናል።»

ሰምቼ ከውስጥ ተጣራሁ። «ጌታዬ፣ የምተኛበት እሱ ብቻ ነው!»

«እኔስ የምቀመጥበት?» አሉኝ። እንደ እውነተኛ ጥያቄ ነበር የጠየቁኝ፤ መልሱን የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

ብሎኖቹ በዝናብ ዝገው አልፈታ ብለው ነበር። መካኒኩ ጋዝ አፈሰሱባቸው፤ እኔ በላዩ እንደተኛሁ በመዶሻ መቷቸው። እያንዳንዱ ምት ተጣሞ በገጠመው እግሬ ውስጥ ያልፋል። ኋላ ሁለት ሰዎች በብብቴ ይዘው አነሡኝና ወንበሩን ከሥሬ ስበው አወጡ። እኔን መልሰው ባዶው ወለል ላይ አኖሩኝ። ወንበሩን ግቢው መሐል በእንዶድ ሲያጥቡት ከተኛሁበት አያለሁ። አረፋው ቡናማ ሆኖ ወረደ። ፊታውራሪው ቆመው፣ «ደግማችሁ እሹት፤ የበሽተኛ ሽታ አይለቅም» ይሉ ነበር። ሲደርቅ ገጠሙት፤ እሳቸውም ተቀምጠውበት ወደ ላይና ወደ ታች እያሉ ሞከሩትና ደስ አላቸው።

በዚያ ብረት ላይ ጀርባዬ መቁሰል ጀመረ። የምተርፍ አይመስለኝም ነበር። ወሬው በገበያተኛ አፍ አምበር አጠገብ ለምትኖረው እህቴ ደርሶ ኖሮ ባሏ በቅሎ ይዞ መጣ። ሲጭነኝ አንድም ሰው ከቤት አልወጣም፤ አንድ አሽከር ብቻ ሮጦ ደርሶ የለበስሁትን ብርድ ልብስ ያዘ።

«የቤት ዕቃ ነው» አለ።

የእህቴ ባል ቁጡ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ብርድ ልብሱን ትቶለት ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝና በቅሎዋን መራ። የፊታውራሪው መሬት ጭሰኛ ነበር።

ፒካፑ ብዙ ዓመት ሠራ። አምበር ላይ ስንቴ አልፏል! ፍሬኑ እንዲከዳቸው እመኝ ነበር፤ ጸሎት ላይም ጨምሬዋለሁ። አልከዳቸውም። ፊታውራሪው አልጋቸው ላይ፣ ካህናት ከብበዋቸው አረፉ አሉ።

እኔ እህቴ ቤት ቁስሌ ከዳነ በኋላ ከአንድ ቆዳ ፋቂ ዘንድ ኮርቻ መስፋት ተማርሁ። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ሌላ አልነበረም። የእህቴ ባል፣ አንድ ጎረቤት «ፋቂ ቤትህ አስገባህ» ብሎ ስለሰደበው፣ ማዕዴን ከቤተሰቡ ለየው፤ አልፈረድሁበትም፤ ቢሆንም ለብቻዬ ስበላ ይመረኝ ነበር። ሥራዬ ግን እያደር ሰው ወደደው፤ ከቁይ ድረስ እየመጡ ያሠሩኝ ጀመር።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ከፊቴ ቆማ ኮርቻ የሚለብሰውን ግላስ ታገላብጣለች። ቀና ስል የቀድሞ ሚስቴ ናት። ወፍራለች፤ አምሮባታል። እሷም አወቀችኝ። ሌሎች ሴቶች አብረዋት ነበሩ።

«ስፌቱ ጠንካራ ነው?» አለችኝ፣ እንደማያውቁት ሰው።

«ጠንካራ ነው» አልኋት።

ገዛችና ለጓደኞቿ አቀበለቻቸው። ስትሄድ በጀርባዋ ያለው ልጅ ዞሮ ያየኝ ነበር። አንዷ፣ «ታውቂዋለሽ እንዴ?» ስትላት ሰማሁ። የመለሰችውን ግን የገበያው ጫጫታ ዋጠው።