የባሕር ማዶው ማጭድ ጥርስ

ትናንት የልጅ ልጄ ከደብረ ብርሃን ገበያ አዲስ ማጭድ ገዝቶ መጣና «አባባ፣ እስቲ ጥርሱን እይልኝ» ብሎ እጄ ላይ አኖረው። ዓይኔ ደክሟል፤ አውራ ጣቴ ግን ደህና ነው። ዳሰስ አድርጌ «የባሕር ማዶ ብረት ነው» አልኩት።

እንዲህ ያለውን ብረት መጀመሪያ ሳይ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴና እኔ ከአንኮበር ቁልቁለት ሥር፣ ከቀጥቃጮቹ ሰፈር እንኖር ነበር። ብረት ያለበትን ድንጋይ ከገደሉ ሥር ቆፍረን፣ በከሰል አቅልጠን፣ ብረቱን ቀጥቅጠን ለምስለኔው እርሻ ማጭድ እናስገባለን፤ በዚያ ፈንታ መሬት እናርሳለን። ሰው ቡዳ እያለ ይሸሸናል፣ አዝመራ ሲደርስ ግን ደጃችን ላይ ይጋፋል። ይህ ነገር ዛሬም ያናድደኛል።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ሐጂ ኡመር የሚባሉ የአልዩ አምባ ነጋዴ በባሕር የመጣ ማጭድ በበቅሎ አስጭነው ዳገቱን ወጡ። ምስለኔው ችኩል ሰው ነበሩ። አባቴን አስጠርተው፣

«እናንተ ክረምት ከበጋ የምትቀጠቅጡትን ሐጂ በአንድ ጭነት አመጡት። ሦስት ቀን ገብስ በሁለቱም ይታጨድ። የእሳቸው ከበለጠ መሬቱን ለሌላ እሰጣለሁ» አሉ።

በመጀመሪያው ቀን የባሕር ማዶው ማጭድ ገብሱን ጠራረገው። አባቴ የቋጠረውን ቆሎ ሳይቀምስ ዋለ። እኔ ወደ ነጋዴው ሄድኩ።

«ሐጂ፣ ይህን ሁሉ የሚሠራው የትኛው አገር ነው?»

«ወላሂ ልጄ፣ መች አንድ አገር ሆነና! ብረቱ ከአንዱ፣ እጀታው ከሌላው፣ መርከቡ የሦስተኛው። የገጠማችሁ ስንት አገር ነው!»

ይህን ስሰማ ልቤ ቀለል አለኝ። አንድ የቁልቁለት ሰፈር ከስንት አገር ጋር ተመዝኖ ቢቀል ምን ያሳፍራል?

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የሁሉም ማጭድ ጥርስ አለቀ። ለእኛው ማጭድ አባቴ እዚያው ማሳው ዳር በመሮ እየመታ ጥርስ አወጣለት። በባሕር ማዶው ላይ ግን ብረቱ ጠንክሮ መሮው ተንሸራተተ፤ አጫጆቹ ሳቁ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ተመስገን፣ አሸነፍን» አለኝ።

እኔ ግን እጄ አላርፍ አለ። አንዱን ማጭድ ወስጄ በፍም አጋልኩና እንዲለሰልስ አመድ ውስጥ ቀበርኩት። በማግስቱ ጠዋት መሮው ነከሰው። ጥርሱን አውጥቼ፣ እንዲጠነክር እንደገና አግዬ ውሃ አጠጣሁት። አባቴ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«መሬታችንን በገዛ እጅህ ልትሰጥ ነው?»

«ዘንድሮ ዘዴውን ብንደብቀው ከርሞ ሌላ ሰው ያገኘዋል» አልኩና ይዤው ሄድኩ።

ምስለኔው ፊት ቆሜ «ጌታዬ፣ በብዛት አንደርስባቸውም። የደነዘ ማጭድ ግን ጥርስ ለማስወጣት ባሕር አይሻገርም፤ እኛው ደጅ ይመጣል» አልኳቸው። ጥርሱን በጣታቸው ሞከሩት። ሳቁና «በሉ፣ መሬታችሁን እረሱ» አሉ።

መሬቱ እስከ ዛሬ የእኛ ነው። ልክ ነበርኩ፤ አሁንም ቢሆን እንደዚያው አደርጋለሁ። ነገር ግን ከዚያ ዓመት ወዲህ አባቴ የማቅለጫውን ምድጃ አላነደደም። ድንጋይ ከማቅለጥ ከባሕር ማዶ የመጣውን ብረት ማለስለስ ይቀል ነበር። በገደሉ ሥር ሲያልፍ አንድ ድንጋይ ያነሳል፣ በእጁ ይመዝነዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

የልጅ ልጄ ጥርስ ማውጣቱን ከእኔ ተምሯል። የብረቱ ድንጋይ የት እንደሚገኝ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። ነገ ክንዱን ይዤ ወደ ገደሉ እወርዳለሁ። ቦታውን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ የቀረ የለም።