ላቀች ሙሾ ያወረደችለት አብራሪ

ከአርብ ገበያ እስከ ስማዳ ጫፍ፣ ላቀች ሙሾ ያላወረደችለት ሰው ሞቱ እንደ ሞት አይቆጠርም ነበር። እሷ ስታንጎራጉር፣ ግብር ሊሰበስብ የመጣው ምስለኔ እንኳ ዓይኑን ይጠርጋል። ቁና ገብስ ሲሰፈርላት ብዙም ደስ አይላት፤ የሰው ጉንጭ ሲርስ ግን ልቧ እንደ ጳጉሜን ዝናብ ይፈታል። ደንቧ አንድ ነው፦ የሟቹን አባትና አያት ሳትጠይቅ አፏን አትከፍትም።

በንጉሡ ዘመን፣ ካርታ ታነሣለች የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ከብት መሰማሪያው ሜዳ ላይ አርፋ ሰነበተች። አንድ አርብ ጠዋት ተነሣች። ገበያተኛው እጁን እያውለበለበ ሸኛት። ገና ዛፎቹን ሳታልፍ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ሳለችና ጓዴ የሚባል ገበሬ ባቄላ ላይ ተደፋች።

ጓዴ አብራሪውን ከተጨማደደው ብረት ጎትቶ አወጣው። አይንቀሳቀስም።

«ሞቷል» አለ። «ባቄላዬንም ይዞት ሞተ።»

ከነፊቱ በጋቢ ሸፈኑት። ላቀች ተጠራች።

«አባቱ ማን ይባላል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እታለም! ከሰማይ እኮ ነው የመጣ።»

«ከሰማይ የመጣ አባት የለውም?»

«እሱን ቄሱን ጠይቂያቸው።»

ላቀች ተቸገረች። የሰው ልጅ ያለ ሙሾ እንዴት አፈር ይግባ? በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቧን ጥሳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ጀመረች፦

«ደመናን ያረሰ በብረት ሞፈሩ፣
ምነው ተጋደመ ከባቄላ አፈሩ?
አባትህን ሳላውቅ በማን ስም ላልቅስ፣
የማን ልጅ ልበልህ የደመናው ፈረስ?»

«የደምሌ» አለ ከጋቢው ሥር የደከመ ድምፅ። «የእስቴው ደምሌ።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ጓዴ የተረፈውን ባቄላ ራሱ እየረገጠ ሸሸ። ላቀች ብቻ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«አያትህስ?» አለችው።

«ውሃ» አለ።

አብራሪው በቃሬዛ ወደ ንፋስ መውጫ ከተማ ተወሰደ፤ ጥቂት አነከሰ እንጂ ዳነ። ላቀች ግን ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። ለቁም ሰው ሙሾ አውርዳ ከእንግዲህ ማን ሊጠራት፣ ማንስ በቃሏ ሊያለቅስ?

ጥሪው ግን ጭራሽ ባሰ። ከእስቴ ሳይቀር በቅሎ ተጭኖ ይላክላት ጀመር። «ሟቹ ሳይገነዝ ላቀች ትድረስ፤ ምናልባት ይመልስላት ይሆናል» ይላል ሰው። እሷም ትሄዳለች፤ ዘር ትቆጥራለች፤ ከዱሮው ያማረ ግጥም ታወርዳለች። የሚያለቅስ የለም። ለቀስተኛው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ፣ አንገቱን ወደ ሬሳው አስግጎ ያዳምጣል።

ይታይሽ የምትባል ሴት ባሏ የሞተባት ለት፣ ላቀች ድንጋይ የሚያስለቅስ ሙሾ ይዛ ሄደች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ የራሷ እንባ እየወረደ፣ ግጥሙን አጋመሰችው። ይታይሽ በደረቅ ዓይኗ ጠጋ ብላ ነጠላዋን ያዝ አደረገቻት።

«እትዬ ላቀች፣ ዝቅ አድርገው ይበሉት እስቲ፤ ቢመልስ እንዳያመልጠን።»